ዊትሊ ኮርት፦ አንድ ታላቅ የእንግሊዝ የገጠር ቤት እንዴት ፍርስራሽ ሆነ?

በምዕራብ እንግሊዝ፣ በዉስተርሺር አውራጃ፣ ከዉስተር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጣሪያ የሌለው ግዙፍ ቤት ቆሟል። ስሙ ዊትሊ ኮርት ይባላል። ዝናብ ከቀድሞ ሳሎኖቹ ወለል ላይ በቀጥታ ይወርዳል፤ በመስኮቶቹ በኩል የሚታየው ሰማይ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ያለው የድንጋይ ፋውንቴን ግን ታድሶ ውሃ ይረጫል፤ ጎኑ ላይ የተለጠፈው ቤተ ክርስቲያንም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዛሬም አገልግሎት ይሰጣል። የቤቱን ፎቶግራፍ የሚያዩ ሰዎች ምን እንደደረሰበት ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ «በ1937 ተቃጠለ» የሚል ነው።

መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ይሰውራል። በእሳት የተበሉ ትላልቅ ቤቶች ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት በተደጋጋሚ እንደገና ተሠርተዋል። መጠየቅ ያለበት እሳቱ እንዴት ተነሣ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ከእሳቱ በኋላ ቤቱን መልሶ የሚሠራ ሰው ለምን ጠፋ የሚለውም ነው። ይህን ለመረዳት ደግሞ ቤቱ ከመጀመሪያው በምን ገንዘብ እንደቆመና ምን እየበላ እንደኖረ ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የገጠር ቤት» ሲባል ምን ዓይነት ቤት ነው?

እንግሊዞች የገጠር ቤት የሚሉት በገጠር የተሠራን ማንኛውንም ቤት አይደለም። ቃሉ የሚያመለክተው የአንድ ሰፊ ርስት ማዕከል የሆነውን የባለ ርስቱን መኖሪያ ነው። ከመካከለኛው ዘመን የወረደው «ማነር» የሚለው ስያሜ ደግሞ ቤቱን ብቻ ሳይሆን መሬቱን፣ በመሬቱ ላይ የሚኖሩትን ገባሮችና ጌታው በእነርሱ ላይ የነበረውን መብት ጭምር ያጠቃልል ነበር። ቤቱ ከምሽግ የሚለየው ለጦርነት ባለመሠራቱ ነው፤ ሰፊ መስኮቶቹና ለእይታ የተሠራው ፊቱ የሚናገሩት ስለ መከላከያ ሳይሆን ስለ ሀብትና ስለ ክብር ነው።

እንዲህ ያለው ቤት ራሱ ገንዘብ አያመጣም። ጎታ እህል እንደማያበቅል ሁሉ፣ ቤቱም ሌላ ቦታ የተመረተውን የሚያጠራቅምና ሲበላ የሚኖር ነው፤ የእርሻ ኪራይ፣ የማዕድን ገቢ፣ አንዳንዴም የንግድ ትርፍ ከላይ ይገባል፤ የአገልጋይ ደመወዝ፣ የማገዶ፣ የጣሪያ ጥገናና የግብዣ ወጪ ከታች ይወጣል። የሚገባው ሲቀንስ ወጪው ባለበት ከቀጠለ፣ ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር ቀኑ የተቆጠረ ነው።

ርስቱ ሳይከፋፈል ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲሻገር ያደረገ አንድ የሕግ ዘዴም ነበር። በዚህ ዘዴ መሬቱና ቤቱ ለበኩር ልጅ ይተላለፋሉ፤ ነገር ግን ወራሹ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊጠቀምበት እንጂ ሊሸጠው አይችልም፤ እርሱም በተራው ለልጁ ያስተላልፋል። ቤተሰቡን ከአንድ አባካኝ ወራሽ የጠበቀው ይህ ሥርዓት፣ ገቢው በወደቀ ጊዜ ደግሞ እጅ እግር የሚያስር ሰንሰለት ሆነ። በ1882 የወጣ ሕግ ወራሾች የተወሰነ የመሸጥ መብት እንዲያገኙ ሲፈቅድ፣ ለዘመናት ተዘግቶ የኖረው በር ተከፈተ፤ ሥዕሎች፣ መጻሕፍትና መሬት ወደ ገበያ መውጣት ጀመሩ።

ዊትሊ ኮርት የቆመው በማን ገንዘብ ነው?

በሚስማር ገንዘብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ ባለው አካባቢ ሪቻርድ ፎሊ የሚባል የብረት ነጋዴ ነበር። እርሱ በ1620ዎቹ መጨረሻ በኪንቨር ያቋቋመው በውሃ ኃይል የሚሠራ የብረት መሰንጠቂያ የቤተሰቡን ዕድል ቀየረ። ከዚያ በፊት ሚስማር ሠሪ ጥፍጥፍ ብረት በእጁ እየቆረጠ ቀጭን ዘንግ ለማውጣት ብዙ ጊዜና ጉልበት ያጠፋ ነበር። በመሰንጠቂያው ግን የጋለው ብረት በሁለት ተሽከርካሪ ጥቅሎች መካከል አልፎ ይሳሳል፣ ቀጥሎም ዳራቸው በተሳለ ክብ ብረቶች መካከል ሲገባ በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ቀጫጭን ዘንጎች ይሰነጠቃል። ዘንጎቹ በሚዛን ለየቤተሰቡ ይታደሉና በየጎጆው ጓሮ ባለ ምድጃ ወደ ሚስማርነት ይለወጣሉ። ሪቻርድ ፎሊ ምስጢሩን ለመስረቅ ቫዮሊን ተጫዋች መስሎ ስዊድን ሄደ የሚል አፈ ታሪክ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ሆኖም መሣሪያው ከእርሱ በፊትም በእንግሊዝ አገር ይታወቅ ስለነበር ታሪኩን እንደ ተረት መውሰዱ ይሻላል።

ልጁ ቶማስ ፎሊ በ1655 የዊትሊን ርስት ገዛ፤ በቀድሞው ማነር ቦታም በቀይ ጡብ የተሠራ ትልቅ ቤት መኖሪያው ሆነ። ያው ቶማስ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ማቋቋሙ፣ ገንዘቡን ሁሉ በራሱ ቤት ላይ ብቻ እንዳላፈሰሰ ያሳያል። ቤተሰቡ ከብረት ነጋዴነት ወደ መኳንንትነት የተሻገረው በሁለት ትውልድ ልዩነት ነው፤ የልጅ ልጁ ቶማስ በ1712 ከንግሥት አን እጅ የባሮንነት ማዕረግ ተቀብሎ ሎርድ ፎሊ ተባለ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከሌላ የፈረሰ ቤት የመጣ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ግንቡ አይደለም፤ ውስጡን ያስዋበው ሀብት ግን አዎ። ከዊትሊ ታሪክ ሁሉ ይህን ክፍል ሰው ቢያውቀው የምወደው፣ ኋላ በቤቱ ላይ የሚደርሰውን አስቀድሞ ስለሚያሳይ ነው።

የመጀመሪያው ሎርድ ፎሊ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት አስቦ ሥራው ሳያልቅ ሞተ፤ ሚስቱና ልጁ በ1735 አስጨረሱት። በዚያን ጊዜ ውስጡ እምብዛም ጌጥ አልነበረውም። በሌላ በኩል፣ ለንደን አጠገብ በምትገኘው ኤጅዌር፣ የቻንዶስ መስፍን ጄምስ ብሪጅስ ካነንስ የሚባል እጅግ የተንቆጠቆጠ ቤት ነበረው። መስፍኑ ሀብቱን ያከማቸው በስፔን የአልጋ ወራሽነት ጦርነት ጊዜ የሠራዊቱ ደመወዝ ከፋይ ሆኖ ሲሠራ ነው፤ ታላቁ ሙዚቀኛ ሃንደልም በ1717 እና በ1718 ገደማ በዚያው ቤት ተቀምጦ መዝሙሮችን ደርሷል። መስፍኑ በ1720 በተከሰተው የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ቀውስ ከፍተኛ ኪሳራ ደረሰበት። በ1744 ሲሞት ወራሹ ዕዳ ተረከበ፤ ቤቱም በ1747 በቁርጥራጭ ለጨረታ ቀረበ።

ሁለተኛው ሎርድ ፎሊ ከዚያ ጨረታ የገዛው ዛሬ በዊትሊ ይታያል። ጣሪያው ላይ ያሉት ሥዕሎች የአንቶኒዮ ቤሉቺ ናቸው፤ ባለቀለም መስኮቶቹ ጆሹዋ ፕራይስ ከ1719 እስከ 1721 የሠራቸው ናቸው፤ የኦርጋኑ መያዣ ሣጥንም ከካነንስ የመጣ ነው። ይሁንና ከጣሪያ ላይ ሊነቀል ያልቻለ ነገር ነበር፤ እርሱም በሥዕሎቹ ዙሪያ የነበረው የጂፕሰም ቅርጻ ቅርጽ ነው። የተገኘው መፍትሔ የሚደነቅ ነው። ወረቀት ተዘፍዝፎ፣ ተቀጥቅጦ፣ ከሙጫ ጋር ተለውሶ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከተጠቀጠቀ በኋላ ሲደርቅ ቀላልና ጠንካራ ጌጥ ይሆናል፤ ነጭ ቀለምና ወርቅ ሲቀባ ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው ከጂፕሰም አይለይም። ጎብኚ ቀና ብሎ ሲያይ የሚደነቅበት ነጭና ወርቃማ ጌጥ ወረቀት ነው።

አንድ ቤት ዕዳ ሲወድቅበት አካሉ እየተነቀለ ሌላውን ቤት የማስጌጡ ልማድ በእንግሊዝ አገር የቆየ ነው። ካነንስን ለዊትሊ ያቀረበው ገበያ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ወደ ዊትሊ ራሱ ይመጣል።

ቤቱ ከፍተኛ ክብሩ ላይ የደረሰው መቼ ነው?

በሁለት ደረጃ ነው። ሦስተኛው ሎርድ ፎሊ በ1805 ገደማ የዘመኑን ዝነኛ አርክቴክት ጆን ናሽን ጠርቶ በሰሜንና በደቡብ በኩል በግዙፍ ምሰሶዎች የቆሙ ደጀ ሰላሞችን አሠራ። እነዚህ ምሰሶዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። የፎሊ ቤተሰብ ግን በዕዳ ተጠምዶ ነበርና በ1837 ርስቱን በ890,000 ፓውንድ ሸጠ።

የገዙት የወጣቱ የዊሊያም ዋርድ ሞግዚቶች ናቸው፤ ልጁ ገና ሃያ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። የዋርድ ቤተሰብ ሀብት የሚመነጨው ድድሊ ከተማ ዙሪያ ባለውና ከጭሱ የተነሣ «ጥቁሩ አገር» በተባለው አካባቢ ካሉ የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድናት ነው፤ ቤተሰቡ በጃማይካም በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት የሚሠራ የሸንኮራ እርሻ ነበረው። የቀድሞ መኖሪያቸው ሂምሊ ከማዕድኖቹና ከማቅለጫዎቹ አጠገብ ነበር፤ ዊትሊ ግን ከጭሱ ራቅ ያለ አየር ነበረው። ቤቱ ለጥቂት ዓመታት፣ ከ1843 እስከ 1846፣ ለንጉሥ ዊሊያም አራተኛ መበለት ለንግሥት አደሌይድ ተከራይቷል።

ዋርድ በ1850ዎቹ የጀመረው ግንባታ ግን ከዚያ በፊት የተሠራውን ሁሉ አስከነዳው። አርክቴክቱ ሳሙኤል ዶክስ የድሮውን የጡብ ቤት አላፈረሰም፤ ከባዝ ከተማ አካባቢ በሚወጣ ወርቅማ የኖራ ድንጋይ ዙሪያውን አለበሰውና የጣሊያን ቤተ መንግሥት አስመሰለው። ዛሬ ፍርስራሹን ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው፣ የድንጋዩ ልባስ በወደቀበት ቦታ ከሥር የፎሊዎቹን ቀይ ጡብና የተደፈኑ አሮጌ መስኮቶችን ያገኛል፤ ሙሉ ቤት በነበረ ጊዜ ማንም ሊያየው የማይችለው የግንባታ ታሪክ በፍርስራሹ ላይ በግልጽ ይነበባል።

የአትክልቱን ቦታ የነደፈው ዊሊያም አንድሩስ ኔስፊልድ ነው። በደቡብ በኩል ያለው ታላቁ ፋውንቴን በጄምስ ፎርሳይት የተቀረጸ ሲሆን ጀግናው ፐርሲየስ አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ ሲያድናት ያሳያል። ለእኛ አንባቢዎች ይህ የተለየ ትርጉም አለው፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናትና። እርግጥ የጥንት ግሪኮች በዚህ ስም ይጠሩት የነበረው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር እንጂ የዛሬዋን አገር ወሰን አይደለም፤ ሆኖም በዉስተርሺር ሜዳ መካከል የኢትዮጵያ ልዕልት ተቀርጻ መቆሟን ብዙ ሰው አያውቅም። የፋውንቴኑ ዋና ውሃ እስከ 36 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወረወር ነበር። ለዚህም 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር ውሃውን ከፍ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይገፋው ነበር፤ ውሃው ከዚያ በራሱ ክብደት ሲወርድ ይፈናጠራል። ይህን የውሃ መሥመር አንባቢ ልብ ይበል፤ በ1937ቱ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል።

ዋርድ በ1860 የድድሊ ኧርል የሚል የመኳንንት ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1885 ሞተ። በእርሱና በልጁ ዘመን ቤቱ የታላላቅ ግብዣዎችና የአደን ስብሰባዎች ቦታ ነበር፤ ኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የሆነው አልጋ ወራሽም ከእንግዶቹ አንዱ ነበር።

እንዲህ ያለ ሀብታም ቤተሰብ ለምን ሸጠው?

ጎታው ከላይ መሙላቱን ስላቆመ ነው። ለዚህም እርስ በርስ የተጋገዙ ምክንያቶች ነበሩ።

አንደኛው የእርሻ ገቢ መውደቅ ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ባቡርና የእንፋሎት መርከብ የአሜሪካን ስንዴ በርካሽ ወደ እንግሊዝ ወደቦች አጎረፉት፤ በ1894 የስንዴ ዋጋ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ገበሬው ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ባለ ርስቱ ኪራዩን መቀነስ ወይም መሬቱን ባዶ ማሳደር ነበረበት። ድድሊዎችን ከሌሎች የሚለያቸው የማዕድን ገቢያቸው ነበር፤ ነገር ግን የጥቁሩ አገር ጥልቅ የከሰል ንብርብርም በዚያው ዘመን ግማሹ ተሟጥጦ፣ ግማሹ በውሃ ተጥለቅልቆ እየከሰመ ሄደ።

ሁለተኛው የውርስ ግብር ነው። በ1894 መንግሥት በሟች ንብረት ሁሉ ላይ አዲስ ግብር ጣለ፤ ከፍተኛው መጠን ያኔ ከመቶ 8 ብቻ ነበር። በ1919 በጣም ትላልቅ በሆኑ ንብረቶች ላይ ከመቶ 40 ደረሰ፤ በ1949 ከመቶ 80 ሆነ። ግብሩ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሲሆን የባለ ርስቱ ሀብት ግን መሬት፣ ግንብና ሥዕል ነው። አባትና ልጅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተከታትለው ከሞቱ ደግሞ ያው ርስት ደጋግሞ ይገበርበታል፤ ይህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብዙ ቤተሰቦች ላይ ደርሷል።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ እርሱም የሰው ጉልበት ነው። እነዚህ ቤቶች የተነደፉት ከሰል በየክፍሉ የሚያደርሱ፣ ምድጃ የሚጠርጉ፣ ሙቅ ውሃ በደረጃ የሚያመላልሱ ብዙ አገልጋዮች እንደሚኖሩ ታስቦ ነው። በጦርነቱ ዘመን ሴቶች በፋብሪካና በቢሮ ሥራ ገብተው የተሻለ ደመወዝና የራሳቸው ጊዜ አገኙ፤ ብዙዎቹም ወደ ጌታ ቤት አልተመለሱም። አልመለስም ማለታቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የነዚያ ሳሎኖች ውበት በእነርሱ ድካም የተገዛ ነበርና።

ሁለተኛው የድድሊ ኧርል በአየርላንድ የንጉሡ እንደራሴ፣ ከ1908 እስከ 1911 ደግሞ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ገዥ ሆኖ አገልግሏል፤ እነዚህ ሹመቶች ክብር እንጂ ትርፍ አያመጡም። በ1920 ዊትሊን ለሰር ኸርበርት ስሚዝ ሸጠ። ስሚዝ በአቅራቢያው ባለችው በኪደርሚንስተር በምንጣፍ ፋብሪካ የበለጸገ ሰው ነበር። እንግዲህ ቤቱ ከሚስማር ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ ምንጣፍ ተሸጋገረ፤ አዲሱ ጌታ ግን የሚኖረው ከቀድሞዎቹ ባነሰ የአገልጋይ ቁጥር ነበር።

በ1937 ምን ሆነ?

በሴፕቴምበር 7 ቀን 1937 ሌሊት፣ ሰር ኸርበርት ባልነበረበት፣ በምድር ቤቱ ካለው የዳቦ መጋገሪያ እሳት ተነሣ። ቤቱ እሳት የማጥፊያ መሥመር አልጎደለውም፤ ፋውንቴኑን ከሚመግበው ውሃ ጋር የተያያዘ ነበር። ነገር ግን ለዓመታት ጥገና ስላልተደረገለት በሚያስፈልግበት ሰዓት አልሠራም። ከውጭ ለጌጥ እስከ 36 ሜትር ይወረወር የነበረው ውሃ ውስጡ ሲነድ አልደረሰም። የዋናው ቤት ብዙ ክፍል ወደመ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ፤ ከቤቱም እሳት ያልበላው ክፍል ነበር።

ማለትም በማግስቱ ዊትሊ ክፉኛ የተጎዳ ቤት ነበር እንጂ ፍርስራሽ አልነበረም። ስሚዝ መልሶ አልሠራውም፤ በ1938 ርስቱ ለጨረታ ቀረበ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው ግማሽ የተቃጠለ ቤተ መንግሥት ገዝቶ የሚያድስ ሰው ከየት ይመጣል? ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የግንባታ ዕቃ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር የነበረበት ጊዜ ነበር። በ1950ዎቹ ቤቱ በፈረሳ ዕቃ ነጋዴ እጅ ገባና የጣሪያ እርሳሱ፣ ቧንቧው፣ እንጨቱና የሚነቀል ሁሉ ተሸጠ። ካነንስ ላይ የደረሰው በዊትሊም ደረሰ።

ጣሪያ ሲነሣ ግንብ ላይ ምን ይደርሳል?

የትላልቆቹ ቤቶች ጣሪያ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው በእርሳስ ሉህ ነው። እርሳስ በቀላሉ ይጠቀለላል፣ በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሁልጊዜም ገዢ አለው፤ ስለዚህ የተተወ ቤት መጀመሪያ የሚያጣው እርሱን ነው። ቀሪው ጥፋት ተከታትሎ የሚመጣ ነው። ውሃ ግንቡ ውስጥ የተቀበረውን የወራጅ ጫፍ ያበሰብሰዋል፤ ወራጁ ሲወድቅ ወለሉ አብሮት ይወርዳል። ወለል ደግሞ መራመጃ ብቻ አይደለም፤ ትይዩ የቆሙትን ረጃጅም ግንቦች እርስ በርስ አያይዞ የሚያቆም ማሰሪያ ነው። እርሱ ሲጠፋ ግንቡ ለነፋስ ብቻውን ይቀራል።

በረዷማው የእንግሊዝ ክረምት ሲመጣ በድንጋዩ ቀዳዳ የገባው ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ስለሚጨምር ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። ድንጋይ ከድንጋይ ለማያያዝ የገቡት ብረቶችም ሲዝጉ ያብጣሉና የጥግ ድንጋዮችን ይሰነጥቃሉ። የባዝ ድንጋይ ለመቅረጽ ቀላል የሆነው ለስላሳ በመሆኑ ነው፤ ይኸው ልስላሴው ጥበቃ ሲያጣ ቶሎ እንዲበላ ያደርገዋል።

ዊትሊ ብቻውን ነው?

አይደለም። በ1974 በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የቀረበው «የገጠር ቤቶች ጥፋት» የተሰኘ ኤግዚቢሽን፣ በቀደሙት መቶ ዓመታት ከ1,000 በላይ ታላላቅ ቤቶች እንደጠፉ ለሕዝብ አሳይቷል። የከፋው ጊዜ 1955 ነበር፤ በዚያ ዓመት በአማካይ በየአምስት ቀኑ አንድ ቤት ይፈርስ ነበር ይባላል። በጦርነቱ ጊዜ ሠራዊት የሰፈረባቸው ቤቶች ተጎሳቁለው መመለሳቸውም ለዚህ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ሕጉ ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ መዘግየቱም ያሳዝናል። የመጀመሪያው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ በ1882 ሲወጣ ያተኮረው እንደ ስቶንሄንጅ ባሉ የጥንት ሐውልቶች ላይ ነበር፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ከጥበቃው ውጭ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ውጤቱ እንግዳ ነበር፦ አንድ ቤት ከፈረሰ በኋላ ቅርስ ሊባል ይችላል፤ ቆሞ ሳለ ግን ባለቤቱ እንዳሻው ያፈርሰዋል። በ1937 የወጣ ሌላ ሕግ ባለ ርስቶች ቤታቸውን ታሪካዊ ቦታዎችን ለሚጠብቀው ማኅበር ለናሽናል ትረስት አስረክበው በውስጡ መኖር እንዲቀጥሉ መንገድ ከፈተ፤ ሆኖም ትረስቱ ከቤቱ ጋር ማስጠገኛ የሚሆን ገቢም ይጠይቅ ነበር። በ1947 ታሪካዊ ሕንፃዎች በመዝገብ እንዲሰፍሩ ተደነገገ፤ የተመዘገበን ሕንፃ ለማፍረስ ግን ቀድሞ ማስታወቅ በቂ ነበር። አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ የሆነው በ1968 ነው። ያን ጊዜ ዊትሊ ጣሪያ ካጣ ቆይቶ ነበር።

ታዲያ አሁን ለምን እንደገና አይሠራም?

በ1972 መንግሥት ዊትሊን በጠባቂነት ተረከበ። ጠባቂነት ማለት የባለቤትነት መብት ባለበት ሆኖ የመጠበቅና ለሕዝብ ክፍት የማድረግ ኃላፊነት ወደ መንግሥት የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው። ከ1984 ጀምሮ ይህን ኃላፊነት የያዘው እንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባለው የቅርስ ጥበቃ ተቋም ነው፤ ፋውንቴኑም ታድሶ እንዲሠራ የተደረገው በዚሁ ተቋም ነው።

ፋውንቴኑ ከታደሰ ቤቱስ ለምን አይታደስም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ፋውንቴኑ በአብዛኛው በቦታው ነበር፤ የጎደለው የውሃው ሥርዓትና የድንጋዩ ጥገና ነው። ከቤቱ ግን ወለሉ፣ ጣሪያው፣ የሳሎኖቹ ጌጥና ዕቃው ሁሉ የለም፤ ቢሠራ የሚገኘው በአሮጌ ግንብ ውስጥ የተተከለ አዲስ ቤት ነው። በ1877 ዊሊያም ሞሪስና ባልደረቦቹ ያቋቋሙት የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር፣ የጠፋውን በግምት መተካት ታሪክን ማደብዘዝ ነው፣ የተረፈውን ግን ሳይለወጥ ማቆየት ይገባል የሚል መርሕ አስተማረ፤ የእንግሊዝ ባለሙያዎች ዛሬም በአብዛኛው በዚህ መርሕ ይሠራሉ። በእኔ አስተያየት በዊትሊ ላይ ይህ ውሳኔ ትክክል ነው፤ ቀይ ጡቡን ከወርቃማው ድንጋይ ሥር የሚያሳየው ፍርስራሹ ነውና።

ይሁን እንጂ ፍርስራሽ በነበረበት እንዲቆይ ማድረግ ዝም ብሎ መተው ማለት አይደለም። ውሃ ከላይ እንዳይሰርግ የግንቦቹ አናት በድንጋይና በኖራ ይከደናል። በሲሚንቶ መለሰን ስህተት ነው፤ ሲሚንቶ ውሃን ስለማያሳልፍ እርጥበቱን ድንጋዩ ውስጥ ያግተዋል፣ ውርጭ ሲመጣም የሚፈርሰው ድንጋዩ ነው፤ ኖራ ግን እርጥበቱ እንዲወጣ ይፈቅዳል፣ ጉዳት ሲመጣም ከድንጋዩ ቀድሞ የሚበላው እርሱ ስለሆነ በቀላሉ ይተካል። የዛጉ ማያያዣዎች ወጥተው በማይዝግ ብረት ይለወጣሉ። ሥር የሰደደ ተክል ጊዜ ተወስዶ ይነቀላል፤ በአንድ ጊዜ ቢመነገል ያቀፈውን ድንጋይ ይዞ ይወርዳልና። ይህ ሥራ በየጊዜው የሚደገም እንጂ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያኑ የሚመራው በተለየ መንገድ ነው። የአካባቢው ሕዝብ አጥቢያ ስለሆነ በ1938 ከርስቱ ጋር አልተሸጠም። ጎረቤቱ ቤት ሲበሰብስ እርሱም በእርጥበት ተጎድቶ ነበር፤ ምእመናኑና ወዳጆቹ ግን ገንዘብ አሰባስበው አስጠግነውታል። ከካነንስ የመጡት ሥዕሎች፣ መስኮቶችና የወረቀት ጌጦች ዛሬም በቦታቸው ያሉት፣ ጣሪያውን የሚጠግን ባለቤት አንድም ቀን ስላላጣ ነው።